እህትየዋ በሁለተኛው ትዕይንት ትሞታለች፦ ሴት ገጸ ባሕርያት በጌም ታሪክ

የአራዳ_ፒክስል
ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። በሬንፓይ (የታሪክ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) እየተሠራ ያለ የታሪክ ጌም አለ፤ ንባብና ምርጫ ብቻ ነው፣ ውጊያ የለውም። ስክሪፕቱ 640 መስመር፣ ርዝመቱ 2 ሰዓት ገደማ። ቦታው ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ጊዜው የካቲት 1929 ዓ.ም.። ተጫዋቹ የሚይዘው ታደሰን ነው፤ 17 ዓመቱ። ታላቅ እህቱ ወለላ በሁለተኛው ትዕይንት፣ የካቲት 12 ማታ ትገደልና ታደሰ ደሟን ሊመልስ ወደ አርበኞች ይወጣል።

ረቂቁን ያነበቡ ሁለት ሰዎች «ሴት ገድሎ ወንድ ማስነሳት፤ ሺህ ጊዜ ያየነው» ብለው መለሱት። በዚያ ሦስት ቀን ስንት ሴት እንዳለቀ እየታወቀ የእሷን መሞት መጻፍ ለምን ጥፋት ይሆናል? ጥፋት ከሆነስ የቱ ጋ ይነካ? «ሴቶችን አክብር» የሚል ምክር አልፈልግም። ይህን መስመር ቁረጥ፣ እዚህ ጋ ይህን ጨምር በሉኝ።

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
ሰኞ፣ ማታ 2:31

መሞቷ ምንም አይደለም። ከመሞቷ በፊት ምን ስትሠራ ነበር? ስክሪፕቱን ክፈትና ወለላ የፈጸመቻቸውን ግሦች ብቻ አውጥተህ እዚህ ለጥፍ። የታደሰንም እንደዚያው።

የአራዳ_ፒክስል
ሰኞ፣ ማታ 2:58

ወለላ፦ ሳቀች፣ ቡና ቀዳች፣ «ተጠንቀቅ» አለች፣ ጸለየች፣ ጮኸች፣ ወደቀች። 6።

ታደሰ በነዚያው ሁለት ትዕይንቶች፦ ሰማ፣ ዋሸ፣ ደበቀ፣ ሮጠ፣ ጠየቀ፣ ተጠራጠረ፣ ወሰነ... 23 ላይ መቁጠሬን ተውኩ።

እሺ፣ ገባኝ።

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
ሰኞ፣ ማታ 3:20

የገባህ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ገና ነው።

ነገሩ ስም አለው። በ1994 በወጣ የግሪን ላንተርን ኮሚክ ጀግናው ቤቱ ሲገባ ፍቅረኛው ተገድላ ፍሪጅ ውስጥ ተከታ ያገኛታል። በኋላ የኮሚክ ጸሐፊ የሆነችው ጌል ሲሞን በ1999 በኮሚኮች ውስጥ እንዲህ የወንድ ታሪክ ማስነሻ የሆኑ ሴቶችን ዘርዝራ አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ «ፍሪጅ መክተት» ይባላል። የአንተዋም ፍሪጅ ገብታለች።

ግን ሞት ሁሉ ፍሪጅ አይደለም፤ ሁለቱን ጎድ ኦፍ ዋር አስተያይ። በ2005ቱ ጀግናው ክሬቶስ ተታልሎ ሚስቱንና ልጁን በገዛ እጁ ይገድላል። ስለ ሚስትየዋ የምናውቀው መሞቷን ነው ቢባል አይበዛበትም። በ2018ቱ ሌላዋ ሚስቱ ፌይ ጭራሽ ጌሙ ሳይጀመር ሞታለች፤ የመጀመሪያው ሥራህ ለማቃጠያዋ የሚሆን ዛፍ መቁረጥ ነው። ሆኖም የሚቆረጡትን ዛፎች አስቀድማ በእጇ ምልክት ያደረገችባቸው ራሷ ናት። አመዴ ከሁሉ ከፍ ባለው ተራራ ጫፍ ይበተን ብላ የተናዘዘችውም እሷ፤ መጨረሻ ላይ መንገዱ ሁሉ በእሷ ዕውቀት የተቀየሰ መሆኑ ይገለጣል። ያቺ ሴት ሞታም ግሥ አላት። የአንተዋ በሕይወት እያለችም የላትም።

ዘ ላስት ኦፍ አስ (2013) ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። የዋናው ሰውዬ የጆኤል ልጅ ሣራ ገና ሲጀመር ትሞታለች፤ ነገር ግን ጌሙን የምትጀምረው ሣራን ይዘህ ነው። ሌሊት ቤቱን በእሷ እግር ትዞራለህ፣ አባቷን በእሷ ዓይን ትፈልጋለህ። በኋላ ስትሞት የጠፋብህ ፎቶ ሳይሆን በእጅህ የነበረ ሰው ነው። ፍሪጅ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ እኔም ከፊሉን እቀበላለሁ። አሠራሩ ግን ይሠራል።

እንግዲህ ፈተናው ይኸው፦ ወለላን አውጣና በቦታዋ አንድ ጆንያ ጤፍ አስቀምጥ። ጣሊያን ጆንያውን ዘረፈ፣ ታደሰ ተናደደ፣ ወደ አርበኞች ሄደ። ታሪኩ ከቆመ ወለላ ገጸ ባሕርይ አይደለችም።

ካዛንቺስ_2
ሰኞ፣ ማታ 3:41

ይህን ሁሉ ማን ያያል? ጌም ቤት ግባ፤ ከኳስ ሌላ የተከፈተ ካገኘህ ንገረኝ። ደግሞ በሴት የሚጫወት የለም፣ አይሸጥም፤ ኩባንያዎቹም ያውቁታል።

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
ሰኞ፣ ማታ 3:55

ጌም ቤት ታሪክ የማይከፈተው ሒሳቡ በጨዋታ ስለሆነ ነው። ኳስ በሩብ ሰዓት ያልቃል፣ ከፍለህ ትወጣለህ፤ የታሪክ ጌም ሴቭ ይፈልጋል፣ ሴቩን ደግሞ ከአንተ በኋላ የተቀመጠው ልጅ ይደመስስብሃል። ከሴት ጋር አይገናኝም።

«አይሸጥም» ለሚለው፦ በሴት የሚጫወቱት ቶምብ ሬደር ከ1996 ጀምሮ ሸጦ አላበቃም፤ ሆራይዘን ዜሮ ዶውን (2017) ላይ ከሴቷ ከአሎይ ሌላ የምትይዘው ዋና ገጸ ባሕርይ የለም። ማስ ኢፌክት ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሼፐርድ ወንድ ይሁን ሴት ምርጫው የተጫዋቹ ነው፤ ሠሪው ባዮዌር በ2021 ባወጣው አኃዝ ሼፐርድን ሴት አድርገው የተጫወቱት 32 ከመቶ ናቸው። ለዓመታት በሽፋኑ ላይ የቆመው ወንዱ ሆኖ ማለት ነው።

ሾተል_ያዥ
ሰኞ፣ ማታ 4:12

ከቤታችን ምሳሌ ልስጥ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ2015 ባወጣው የአፍሪካ ማስፋፊያ ኢትዮጵያውያንን አስገብቶ 5 ምዕራፍ ያለው የዮዲት ዘመቻ አለው። እኛ ዮዲት ጉዲትን የምናውቃት አክሱምን ስታቃጥል ነው፤ ታሪኳ ከመጨረሻው ይጀምራል። ጌሙ ከስደቷ ጀምሮ ይነሳና እሳቱን ወደ መጨረሻ ያመጣዋል። ታሪክነቱ ያከራክራል፤ ግን ያቺው ሴት፣ ያው እሳት፤ የተለወጠው ተራኪው ካሜራውን የተከለበት ምዕራፍ ነው። የአራዳ ልጅ፣ አንተም የወለላን ታሪክ ከመጨረሻው ነው የጀመርከው።

የአራዳ_ፒክስል
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05

እሺ፤ እንግዲያው አትሙት። ከታደሰ ጋር አብራ ትሂድ፣ እሱ እየጠበቃት ከአራዳ እስከ እንጦጦ ያውጣት። እንዲህ ቢሆንስ?

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:40

ከድጡ ወደ ማጡ። ይህ ደግሞ ከፍሪጁ የሚያረጀው ነው። ዶንኪ ኮንግ (1981) ላይ ሴትየዋ ፎቅ ላይ ትጮኻለች፣ ሰውየው ይወጣል። ሱፐር ማሪዮ (1985) ላይ ሰባት ግንብ ሰብረህ ሰባት ጊዜ «ልዕልቷ ሌላ ግንብ ናት» ትባላለህ። እኛ «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» እንላለን፤ በተረታችን ቢያንስ ላኪዋ እሷ ናት! ልዕልት ፒች ግን አልላከችም፤ ተሰረቀች እንጂ።

አጅቦ የመውሰዱ ችግር በደንብ የሚታየው ሬዚደንት ኢቭል 4 ላይ ነው፤ ያው ታሪክ ሁለት ጊዜ ስለተሠራ ለማነጻጸር ይመቻል። በ2005ቱ የምታጅባት ልጅ አሽሊ የራሷ ላይፍ አላት፤ ካለቀ ትሞታለች። ላይፍ የሚሞላውን ቅጠል ለራስህ ብትበላው ይሻልሃል ወይስ ለእሷ? ጠላት ተሸክሟት ከበሩ ከወጣ ጨዋታው አለቀ። «ቆዪ» ወይም «ተከተይ» ትላታለህ፤ አንዳንድ ቦታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ትደብቃታለህ። ውጤቱ ምን ሆነ? ተጫዋቹ ጠላቱን ትቶ እሷን ጠላ። ይህን ያመጣው ባሕርይዋ አይደለም፤ የሒሳቡ አሠራር ነው፦ እሷ በቀረበች ቁጥር ኪሳራ፣ በራቀች ቁጥር እፎይታ።

በ2023ቱ ላይፏን አነሱት። ስትመታ ትወድቃለች፣ ደርሰህ ታነሳታለህ፤ ቅጠል አታባክንም። ትእዛዙም ተጠጊ ወይም ራቅ በይ ሆነ። ንግግሯም ተጽፎላታል፣ ግን ያንን ንግግር የምትሰማው ሸክም መሆኗ ስለቀረ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ ሸክም የሆነን ሰው ጥሩ ንግግር አያድነውም።

ወደ ሌላው ጫፍም እንዳትሄድ። ባዮሾክ ኢንፊኒት (2013) ላይ አብራህ የምትሄደው ኤልሳቤጥ አትመታም፣ ጥይት ትወረውርልሃለች፣ ቁልፍ ትከፍታለች፣ የዓለምን ስንጥቅ ትከፍታለች፤ ቁልፉንም ሆነ ስንጥቁን የምትከፍተው ግን አንተ ስታዛት ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ማለት ይህ ነው፤ በኮድ ተጽፎ።

የአራዳ_ፒክስል
ማክሰኞ፣ ቀን 6:15

ሳቅኩ። ሌላ ሐሳብ፦ ተጫዋቹ ራሱ ይምረጥ፤ ታደሰን ወይም ወለላን። ታሪኩ አንድ፣ ሰውየው ሁለት። ማስ ኢፌክት እንዳደረገው ማለቴ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:30

ማስ ኢፌክት ያደረገው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ያለን ሰው ሲያናግር ጾታ አይለይም፤ ለወንዱም ለሴቷም ያው ዓረፍተ ነገር ያገለግላል። ያንን ወደ አማርኛ ስታመጣው ስክሪፕቱ ይፈነዳል። ምክንያቱን በዝርዝር፦

አማርኛ «እኔ» ሲል ጾታ የለውም፤ «ሄድኩ» ያለው ወንድ ይሁን ሴት አታውቅም። «እናንተ» እና «እነሱ»ም እንደዚያው። ችግሩ ያለው «አንተ/አንቺ» ላይና «እሱ/እሷ» ላይ ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርይህ ስለ ራሱ የሚናገረውን አትነካውም፤ ሌላው ሰው ለእሱ የሚናገረውንና ተራኪው ስለ እሱ የሚለውን በሙሉ ሁለት ጊዜ ትጽፋለህ። ከ640ው ውስጥ እንበል 260ው እንዲህ ያለ ቢሆን ስክሪፕትህ 900 ገባ።

«ተለዋዋጭ አስገብቼ መጨረሻዋን ፊደል ብቻ እቀይራለሁ» እንዳትል። ትእዛዝ አንቀጽ በመጨረሻዋ ድምፅ ላይ «ኢ» ብቻ ቀጥሎ አይሄድም፤ ፊደሉን ይለውጠዋል። ቁም፣ ቁሚ ይሆናል፤ ቀላል ነው። ግን ሂድ፣ ሂጂ። ክፈት፣ ክፈቺ። ቁረጥ፣ ቁረጪ። ጨርስ፣ ጨርሺ። ያዝ፣ ያዢ። ለምን፣ ለምኚ። ክፈል፣ ክፈዪ። ና ደግሞ ጭራሽ ነይ ነው። የሚሻለው ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ሁለት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ድምፅ የምትቀርጹ ከሆነማ ሌላ መንገድም የለም፤ ቃል ቆርጠህ ስትቀጥል ስፌቱ ይሰማል።

ማምለጫ የሚመስሉ ሁለት መንገዶች አሉ፣ ሁለቱም ያጋልጣሉ። አንዱ «እርስዎ» ማለት ነው፤ ጾታ የለውም፤ ግን ዳቦ ሻጭ የ17 ዓመት ልጅን «ይውሰዱ» ሲል ተጫዋቹ ይስቃል። ሁለተኛው «መሄድ ይሻላል»፣ «እዚህ መቆም አይቻልም» እያሉ ባለቤቱን ማጥፋት ነው። ሦስት ቦታ ያምራል፤ ሠላሳ ቦታ ሲሆን የቀበሌ ማስታወቂያ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ሜትሮይድ (1986) በአማርኛም ቢሆን ሳይዋሽ አይሠራም ነበር። ሳሙስ ሙሉ ጌሙን በብረት ልብስ ተሸፍና ትዋጋለች፤ የእንግሊዝኛው መመሪያ ሆን ብሎ በወንድ አንቀጽ ይጠራታል፣ መጨረሻ ላይ ቶሎ ለጨረሰ ሰው ሴት መሆኗ ይገለጣል። እኛም ገና «አዳኙ» ካልን ዋሽተናል፣ «አዳኟ» ካልን ምስጢሩ አልቋል። (ሽልማቱ ደግሞ ጊዜውን ባሳጠርክ ቁጥር ልብሷ መቀነሱ ነው። ምርጥ ሐሳብ አምጥቶ በመጨረሻው ሰከንድ ማበላሸት ይህ ነው።)

ስለዚህ ምርጫ አትስጥ። 260 መስመር ከምትጨምር ያንን ጉልበት ለወለላ ትዕይንት ስጣት፤ አንድና ሁለትን ተጫዋቹ በእሷ ይጫወት።

አንድ ሥራ ደግሞ አሁኑኑ፦ ስክሪፕቱ ውስጥ «እንደ ወንድ»፣ «ሴት ብትሆንም»፣ «ሴት ሆና» የሚሉትን ፈልግ። ያገኘኸውን ሰርዝ። የሚተካው ነገር አትጻፍ፣ ዝም ብለህ ሰርዝ።

የአራዳ_ፒክስል
ማክሰኞ፣ ቀን 8:02

አራት ቦታ ተገኘ። አንዱ የቄሱ ንግግር ነው፤ እሱን ትቼዋለሁ፣ ቄሱ እንደዚያ ነው የሚያስቡት። ሦስቱ የተራኪው ነበሩ፣ ተሰርዘዋል። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።

ፊደል_ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ቀን 8:10

«ይስጥ-ሽ፣ እህቴ» በል። ያልኩት ይህንኑ ነበር :) የቄሱን መተውህ ልክ ነው።

ሚጢጢ_ብሩሽ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:25

ስለ ሥዕሉ ማንም አላነሳም። ሬንፓይ ላይ ሰውን የሚሸከመው የፊቱ ቁጥር ነው። የለጠፍከውን ናሙና አየሁት፦ ታደሰ 9 ፊት አለው፣ ወለላ 3፤ ሳቂታ፣ ፈሪ፣ አልቃሻ። የፈለገውን ያህል ብትጽፍላት ከሦስቱ ሌላ ማሳየት አትችልም። ቢያንስ አራት ጨምር፦ ስታሰላ፣ ስትሰለች፣ ስትቆጣ፣ እና ውሸት ስትናገር። የመጨረሻዋን በጥንቃቄ ሳላት፤ ፊቷ ሳቂታውን ይመስላል፣ ዓይኗ ግን አይስቅም። ተጫዋቹ በትዕይንት ሁለት ልዩነቱን ካየ ከዚያ በኋላ በሳቀች ቁጥር ይጠራጠራታል፤ ይህ በነጻ የተገኘ ጥልቀት ነው።

አቆራረጡም ተዛብቷል። ወንዶቹ ደረታቸው ላይ ተቆርጠዋል፣ ሴቶቹ ጉልበታቸው ላይ። ሆን ተብሎ እንዳልሆነ እገምታለሁ፤ ግን እሱ ፊት ሆነ፣ እሷ ገላ ሆነች። ሁሉንም ከወገብ በታች አንድ መስመር ላይ ቁረጣቸው፣ ዓይናቸውም በአንድ ከፍታ ይሁን፤ ታላቅ እህት ስለሆነች እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብትል አይከፋም።

የወንዱን አካል ገልብጠህ ቀሚስ እንዳታለብስባት ደግሞ። ማስ ኢፌክት 2 ላይ ሼፐርድ ቀሚስ ለብሳ ስትቀመጥ እግሯን ከፍታ ነው፤ አቀማመጡ ለወንዱ የተሠራው ስለሆነ። በተቃራኒው «ለሴት አኒሜሽን እጥፍ ሥራ ነው» የሚለውም አይታመን። በ2014 አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ ላይ ሴት ገጸ ባሕርይ ያልገባችው ከ8,000 በላይ አኒሜሽን ስለሚጠይቅ ነው ተባለ፤ የሦስተኛው ክፍል አኒሜሽን መሪ የነበረው ጆናታን ኩፐር ግን የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው ብሎ መለሰ። መጋራት የሚችለውን ታጋራለህ፤ አቀማመጥ፣ አረማመድና ልብስ አያያዝን ለብቻ ትሠራለህ።

ልብሷ ደግሞ ጌጥ ብቻ አይሁን። መቀነቷ ኪስ ነው፣ ነጠላዋ መሸፈኛ ነው። ሜታል ጊር ሶሊድ 5 ላይ ለሴቷ ተኳሽ ለኳየት እርቃን መቅረት «በቆዳዋ ነው የምትተነፍሰው» የሚል ምክንያት ፈጥረውላታል፤ ለአንተ ምክንያት መፍጠር አያስፈልግህም፣ የ1929 ልብስ ራሱ ሥራ አለው።

ስድስት_ኪሎ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:50

ከታሪኩ በኩል፦ በከተማው ውስጥ ሆነው መረጃ፣ መድኃኒት፣ ጥይትና ልብስ ለአርበኞች ያሾልኩ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ይባላሉ፤ ብዙ ሴቶች ነበሩባቸው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አንዷ ናቸው፤ ተይዘው ጣሊያን አገር ወዳለው አዚናራ ደሴት ተግዘው፣ ሲመለሱ እንደገና ትግሉ ውስጥ ገቡ። ደራሲዋ ስንዱ ገብሩም አዚናራ ታስረዋል፤ በኋላ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ስለዚህ «መሞት ወይስ መዳን» ብለህ አትጨነቅ፤ መያዝ የሚባልም አለ።

ወለላን መልእክት አቀባይ አድርጋት። ከሞተችም ከተያዘችም ታደሰ የሚወርሰው ያልደረሰ ዕቃ ይሁን። ለማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፣ እሱ አያውቅም። ያን ጊዜ በጆንያ ጤፍ ልትተካት አትችልም።

የአራዳ_ፒክስል
ረቡዕ፣ ማታ 1:40

ሌሊቱን እንደገና ተጻፈ። ትዕይንት 1 መግቢያው ይኸው፦

*የካቲት 9፣ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ማታ። ተጫዋቹ ወለላን ይዟል።*
*አገልግል፦ እንጀራ 4፤ ከሥሩ ፋሻ 6 ጥቅል። መቀነት፦ የታጠፈ ወረቀት 1።*
*ድምፅ፦ ቁም!*
*ምርጫ ሀ፦ አገልግሉን ከፍተሽ እንጀራውን አሳዪ።*
*ምርጫ ለ፦ «የታመመች እናት አለችኝ» በዪ።*
*ምርጫ ሐ፦ ወረቀቱን ወንዙ ውስጥ ጣዪ።*

ሐ ከተመረጠ ወረቀቱ የለም፤ ትዕይንት 4 ላይ ታደሰ የሚሄድበትን ቤት አያውቅም፣ ሦስት በር ያንኳኳል። ሀ ከተመረጠ ከ2 ጊዜ በላይ አይሠራም፤ በሦስተኛው ከሥር ይፈትሻሉ።

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ማታ 1:52

አሁን ግሥ አላት።

ፊደል_ቆጣሪ
ረቡዕ፣ ማታ 2:05

«ቁም!» ስህተት ነው። ወለላን ነው የሚያስቆማት፤ «ቁሚ!» በለው።

የአራዳ_ፒክስል
ረቡዕ፣ ማታ 2:09

ሶላቶ ነው እህቴ፤ የጣሊያን ወታደር። አዲስ አበባ ከገባ ገና 9 ወሩ ነው፤ ከአማርኛ የሚያውቃት ይህችኑ ቃል ናት።

ፊደል_ቆጣሪ
ረቡዕ፣ ማታ 2:21

ቆይ፣ ይህን አታባክነው! ድልድዩን አጨልመው፤ ጠባቂው አይታይ፣ ድምፁ ብቻ ይሰማ። «ቁም» ካላት ሶላቶ ነው፤ የምትለው አይገባውም፣ ስለዚህ ለ አይሠራም፣ እንጀራውን ማሳየት አለባት። «ቁሚ» ካላት ባንዳ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ እናቷን ልታሳምምለት ትችላለች፣ እንጀራውን ግን ከሥር ይፈትሻል። ለተጫዋቹ አትንገረው፤ ሁለት ጊዜ ተይዞ በጆሮው ይለየው።

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ትዕይንት 5 ላይ ታደሰ ያንኑ ድልድይ ሲያልፍ ግን አይሠራለትም። ለወንድ ሁለቱም «ቁም» ነው የሚሉት።

የአራዳ_ፒክስል
ረቡዕ፣ ማታ 2:34

ትዕይንት 5ን እየከፈትኩ ነው።